ኢንጀክተሩ ምን በደለ?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ኮፈኑን የከፈተ ሰው ብቸኝነትን አያውቅም። ያው ሰው እዚያው ቦታ ቆሞ የታክሲ ገንዘብ ጎደለኝ ቢል ዞር ብሎ የሚያየው ባላገኘ ነበር። ኮፈኑ ከተከፈተ ግን ከየት መጡ የማይባሉ ሦስት አራት ሰዎች ሞተሩ ላይ አጎንብሰው ይገኛሉ። አንዱ መፋቂያውን እያኘከ፣ አንዱ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንዱ የሊስትሮ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ። "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ አለማወቅን ማጋለጥ ነውና በቀጥታ ወደ ብይኑ ይገባል።

"ካንዴላ ነው" ይላል የመጀመሪያው።

"የምን ካንዴላ! ፓምፑ ነው የሞተው" ይላል ሁለተኛው። ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ ድምፅ ያሰማ አያሰማ ግን ጆሮውን አልሰጠም።

ጉባኤውን የሚዘጋው እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው ሦስተኛው ነው። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ይገረምማል፣ ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "ኢንጀክተር ነው" ይላል። ይግባኝ የለም። ካንዴላ ያለው ሰውዬ ራሱ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ብሎ ይስማማል።

ይህ ትንሽ ዕቃ እንዲህ ያለ ክብር እንዴት እንዳገኘ ለማወቅ አያስቸግርም። ካንዴላ ያለ ሰው ብይኑ በአምስት ደቂቃ ይፈተናል፤ ካንዴላው ይነቀላል፣ ይታያል፣ ያበቃል። ኢንጀክተር ግን ሳይፈታ አይታይም፣ ተፈትቶም ያለ መሣሪያ ምንም አይናገርም። ስለዚህ "ኢንጀክተር ነው" ያለ ሰው የሚያፍርበት ቀን አይመጣም። በዚያ ላይ ዕቃው ውድ ነው፤ ውድ ዕቃ የጠራ ሰው ደግሞ ጠለቅ አድርጎ ያሰበ ይመስላል።

እስቲ የተወነጀለውን ዕቃ ራሱን እንየው። መንገዳችንን የሞላውን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራውን ኮሮላ እንውሰድ፤ መካኒኮቹ ፋይቭ ኤ የሚሉት 1500 ሲሲ ሞተር ያለውን። አራት ሲሊንደር፣ አራት ኢንጀክተር። እያንዳንዱ ከጣት አይበልጥም። ውስጡ ጥቅል ሽቦና ቀጭን መርፌ አለ። የመኪናው ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ሲሰድለት መርፌዋ ከፀጉር ውፍረት ብዙም በማይበልጥ ርቀት ብድግ ትላለች፤ ከ2.5 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ሲጠባበቅ የቆየው ቤንዚን ተበትኖ ይረጫል፤ መርፌዋም ተመልሳ ትዘጋለች። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት የሰከንድ ሺህኛዎች ውስጥ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ቤንዚን ይጠይቃል።

ታዛዥ ፍጥረት ነው። ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዝጋ ሲሉት ይዘጋል። የሚያዘው ኮምፒውተር የተሳሳተ ወሬ ደርሶት ከሆነ፣ ፓምፑ ደክሞ ከሆነ፣ ፊልትሮው ተደፍኖ ከሆነ፣ የረጨውን የሚያቀጣጥል እሳት ከሌለ፣ እሱ ምን ያድርግ? ይደፈናል፣ ያንጠባጥባል፣ ሽቦው ይቃጠላል፤ አያጠፋም አልልም። ግን ከእሱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ብዙ ናቸው፤ እነሱን ለመጠየቅ ደግሞ የሚወጣው ወጪ በጣም ትንሽ ነው። የእኛ አገር አሠራር ግን ከውዱ ጀምሮ ወደ ርካሹ መውረድ ነው።

ኢንጀክተር ትናንት የመጣ ጉድ የሚመስላቸውም አሉ። "ድሮ ካርቡሬተር ነበር፤ በአንድ ካቻቢቴ መስመር ይይዝልሃል" ብለው ይተክዛሉ። ትዝታቸው ቀዝቃዛውን የሰኔ ጠዋት አይጨምርም፤ ዲኤክሷን ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲገፋ፣ የቤንዚኑም ሽታ ልብስ ላይ ሲውል የሚያስታውስ የለም። ነዳጅን በግፊት መርጨት ግን ሽበት ያበቀለ ጥበብ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 ያሳየው ሞተር ነዳጁን የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። ቦሽ የናፍጣ መርጫ ፓምፕን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 ነው። መርሴዲስ በ1954 ባወጣው 300 ኤስኤል ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር አስረጨ፤ በ1967 ደግሞ ቮልስዋገን የቦሽን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ኢንጀክተር ይዞ ወደ አሜሪካ ገበያ ወጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ስለዚህ እኛ ሰፈር "የዘመኑ በሽታ" የሚባለው ነገር ዕድሜው ከብዙዎቹ ከሳሾቹ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ። መኪናው በሦስት ይሠራል፤ ማለትም ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ተኝቷል። ሚኒሞው አይይዝም፣ መብራት ላይ ሲቆም መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ አይስብም፣ ቤንዚን ይበላል። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መካኒኩ ወጣት። ንግግሩ በየትኛውም ክፍለ ከተማ አንድ ዓይነት ነው።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ልመርምረው። ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።"

"መርምረዋ፣ ማን ከለከለህ።"

"የምርመራ ይከፍላሉ።"

"ለምኑ? ምን ልትቀይርልኝ?"

"እሱን ለማወቅ ነው እኮ ጋሼ የምመረምረው።"

"እንዴ! ካላወቅክ ታዲያ ጋራዥ ምን ብለህ ከፈትክ?"

ጋሼ ተቆጥተው ይወጣሉ። አጠገቡ ካለው ጋራዥ ይገባሉ። የዚያኛው መካኒክ ሞተሩ ሲነሳ ለሦስት ሰከንድ ያህል ያዳምጣል፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ጋሼ፣ ኢንጀክተር ነው። አራቱም" ይላል። የጋሼ ፊት ይፈካል። "ይኼ ነው ባለሙያ! ያኛው እኮ አላውቅም አለኝ!"

እዚህ ላይ የተፈጸመውን ልብ ይሏል። ለእውነት ሲባል ግማሽ ቀን ሊደክም የተዘጋጀው ሰው ደንበኛ አጣ። በሦስት ሰከንድ የገመተው አገኘ። የመጀመሪያው ወጣት ሞኝ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚመጣው ደንበኛ ምን እንደሚል ተምሯል። መካኒኮች ይዋሻሉ ብለን የምናማርር ሰዎች ውሸቱን በክፍያ እንደምናሠለጥን አይታወቀንም።

ቀጥሎ ሱማሌ ተራ ነው። ጋሼ ከመካኒኩ ረዳት ጋር አንዱን አሮጌ ኢንጀክተር በላስቲክ ጠቅልለው መርካቶ ይወርዳሉ። በየሱቁ ደጃፍ "ኦሪጅናል ነው አባባ"፣ "የዱባይ ነው"፣ "ከሞተሩ ላይ እኔ ራሴ ነኝ የፈታሁት" የሚል ዜማ አለ። ሙሉ አራቱን ከአንድ ሞተር የወረደ ማግኘት ይቸግራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ፣ ሁለቱ ከሌላ ይሟላሉ። ቀለማቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ወንድማማች ናቸው ተብሎ ይታመናል። እያንዳንዱ በደቂቃ የሚረጨው መጠን ከሌላው ጋር መመጣጠን እንዳለበት የሚያነሳ የለም። አንዱ አብዝቶ፣ ሌላው አሳንሶ ቢረጭ ሞተሩ የቆየ አመሉን በአዲስ ገንዘብ ገዛ ማለት ነው።

ዋሽንግተን እህት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። "የ1996 ኮሮላ ኢንጀክተር ላኪልኝ" ብሎ ይደውላል። እህት በሻንጣዋ ከቫይታሚኑና ከጫማው ጋር ይዛ ትመጣለች። አሜሪካ የተሸጠው የዚያ ዘመን ኮሮላ 1600 ወይም 1800 ሲሲ ሞተር ያለው መሆኑን፣ የእሱ ግን 1500 መሆኑን የነገራት የለም። ዕቃው ቢገጥምም እንኳ ልክ ነው ማለት አይደለም። ወንድም ግን የሚያየው መግጠሙን ብቻ ነው፤ "የአሜሪካ ነው" ብሎም ለጎረቤት ያሳያል።

አራቱ ኢንጀክተሮች ተቀየሩ እንበል። መኪናው ይስተካከላል! ይህ ነው የጉዱ ጉድ። ጋሼ "አላልኩም?" ይላሉ፣ መካኒኩም አንገቱን ቀና ያደርጋል። ምን እንደተስተካከለ ግን ማንም አልጠየቀም። ኢንጀክተር ለመቀየር የየአንዳንዱ ሶኬት ይነቀላል፣ ይሰካል፤ ዝጎ የነበረ ሶኬት በዚህ ብቻ ይነቃል። ደርቆ አየር ያስገባ የነበረው ጎማ ጉሜኒ በአዲስ ተተክቷል። ሥራው እንዲመች ሲባል የካንዴላ ገመዶቹም ተነቅለው ተመልሰዋል። ከእነዚህ አንዱ ነው መኪናውን ያዳነው፤ ምስጋናው ግን ለአዲሱ ዕቃ ይሄዳል። በሳምንቱ ገመዱ እንደገና ሲላላ መኪናው ወደ ሦስቱ ይመለሳል፤ መካኒኩም ያለ ምንም ሐፍረት "ጋሼ፣ ያመጡት ኢንጀክተር ፎርጅድ ነው" ይላል። ጋሼ ያምናሉ። ምክንያቱም ይህኛው ብይን ሌላ የሚገዛ ዕቃ አለው።

አሮጌዎቹ አራቱስ? "ጣልናቸው ጋሼ።" እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው፤ በቤንዚን ታጥበው፣ በብሩሽ አብረቅርቀው፣ ከየሱቁ ደጃፍ "የዱባይ" ተብለው የሚጠሩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጋሼ የራሳቸውን ኢንጀክተር መልሰው እንዳይገዙ የሚያደርግ ሕግ የለም።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ምን ይደረግ ነበር ለሚል፣ ነገሩ አሰልቺ በሆነ ሁኔታ ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ተራ በተራ መንቀል፤ አንዱ ሲነቀል ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ደህና ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ተነቅሎ ምንም ለውጥ ካልመጣ የተኛው እሱ ነው። የተኛው ታወቀ ማለት ግን ያስተኛው ታወቀ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ከሚረክሰው መጀመር የሚያዋጣው። የተጠረጠረውን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ፤ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ነገሩ አለቀ። ካልሄደ ገመዱን ማለዋወጥ። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ወስዶ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ ማድረግ፤ የሚሠራ ኢንጀክተር ቲክ ቲክ ይላል። ዝም ካለ በኦም መለኪያ ሽቦውን መለካት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ አሮጌ ቶዮታ ኢንጀክተር ከ12 እስከ 16 ኦም ባለው መካከል ካልተገኘ ያኔ ይጠርጠር። ልኩ ደህና ከሆነ ትእዛዝ የሚያመጣለት ገመድ ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩ ይታይ። ቲክ ቲክ እያለ የማይረጭ ከሆነ ደግሞ የቤንዚኑ ግፊት ይለካ፤ ፊልትሮው መጨረሻ የተቀየረው መቼ እንደሆነም ይጠየቅ። ባለቤቱ ይህን ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ይህን ሁሉ አልፎ ኢንጀክተሩ ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ ወደ ማጠቢያ ማሽን ይወሰዳል። አራቱ በአንድ ሐዲድ ተደርድረው ወደ መስታወት ቱቦዎች ሲረጩ ማን እንደሚያንስ፣ ማን እንደሚያንጠባጥብ ዓይን ያየዋል። የድሮ ቶዮታ የጥገና መጽሐፍ የተዘጋ ኢንጀክተር በደቂቃ ከአንድ ጠብታ በላይ እንዳያንጠባጥብ ያዛል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ማሽን ታጥቦ የሚወጣው ኢንጀክተር ሱማሌ ተራ ከሚሸጠው "አዲስ" የተሻለ ነው። ግን ማጠብ መግዛት አይደለምና አያረካም። ወደ ጋኑ የሚጨመረውን የኢንጀክተር ማጽጃ ጠርሙስ የሚያመልኩም አሉ። ቀለል ያለ ቆሻሻ ይፈታ ይሆናል፤ የተቃጠለ ሽቦ ሲቀጥል፣ የተበጠሰ ገመድ ሲያስር ግን አልታየም። ቢሆንም ጠርሙሱ የሚያዝ የሚጨበጥ፣ ባዶው እንኳ ለሰው የሚታይ ነገር ነው።

"የለም፣ እኛ በኮምፒውተር ነው የምናስመረምረው" የሚሉ ዘመናዊ ወገኖች አሉ። ደግ አድርገዋል። ችግሩ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከአንባቢው ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የብልሽት ኮድ እንዲናገሩ ተገደዋል፤ ሌላውም ዓለም በየጊዜው ተከትሏል። መሣሪያው ተሰክቶ ፒ0302 የሚል ቢያወጣ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አላቃጠለም። በካንዴላ ይሁን፣ በገመድ፣ በኢንጀክተር፣ ወይም ባልቦላው ተቃጥሎ፣ አልተናገረም። ፒ0202 ቢል እንኳ የጠቆመው የሁለተኛውን ኢንጀክተር የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ገመዱም ሶኬቱም መስመሩ ውስጥ ናቸው። ኮምፒውተሩ "እዚህ አካባቢ ፈልጉ" ብሎ ነገረን፤ እኛ "ይህን ግዙ" ብለን አነበብነው።

የእኛ ኮሮላዎች ብዙዎቹ ከዚህም ይቀድማሉ፤ መሣሪያው ቢሰካባቸውም አይናገሩም። ለእነሱ ጃፓኖቹ ሌላ ልሳን ሰጥተዋቸዋል። ኮፈኑ ሥር "ዲያግኖሲስ" የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ሣጥን አለች። ውስጧ ካሉት ቀዳዳዎች ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ቁጥር ትቆጥራለች። ሳታቋርጥ በእኩል ብልጭ ድርግም ካለች የመዘገበችው ጥፋት የለም። 25 ብትል ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፣ 26 ብትል በዝቶበታል። ወጪው ቁራጭ ሽቦ ነው። ይህን ያህል ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ብዙ ሰው የማያምነው። ባለ ስክሪን መሣሪያ ይዞ የመጣ መካኒክ ይከፈለዋል፤ ቁራጭ ሽቦ ያወጣ መካኒክ ግን "መኪናዬን ሊያቃጥልብኝ ነው" ይባላል።

ናፍጣ ላይ ስንመጣ ትዝብቱ ይበረታል፤ ጭስ አለበትና። ናፍጣ ላይ ኢንጀክተሩ ኖዝል ይባላል፣ ክሱ ግን ያው ነው። ሚኒባሱ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ "ኖዝል ነው።" ነጭ ተፋ፤ "ኖዝል ነው።" ሰማያዊ ተፋ፤ "ኖዝሉ ሳይሆን አይቀርም።" ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ኖዝሉ እዚያ የለበትም። ነጩ፣ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነና ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው፣ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ማሞቂያው ካንዴላ ሞቶ ወይም ሞተሩ አርጅቶ ማመቅ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ ናፍጣው ከአየሩ ስለበዛ ነው። የተበላሸ ኖዝል ይህን ያመጣል። የተደፈነ የአየር ፊልትሮም ያመጣል። አዲስ አበባ ራሷም ታመጣለች።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። የድሮ ሜካኒካል ፓምፕ ይህን አያውቅም፤ ከፍታ የሚያስተካክል ክፍል ካልተጨመረለት በቀር ለባሕር ዳርቻ የተሰፈረለትን ናፍጣ ሽቅብ ወጥቶም ይሰፍራል። አየሩ ሲያንስ ትርፉ ጥላሸት ይሆናል። በዚህ ላይ ሹፌሩ "አይስብም፣ ትንሽ ጨምርበት" ይላል፤ መካኒኩ የፓምፑን ብሎን ያዞራል፤ የሚቃጠልበት አየር የሌለው ተጨማሪ ናፍጣ ይገባል። እንጦጦ ዳገት ላይ ከኋላው የቀሩት መኪኖች መብራት ያበራሉ። ሹፌሩ በመስታወት እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ "ይኼ ኖዝል!" ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ናፍጣውስ ምን ዓይነት ነው? በወረፋ ዘመን ከየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ነዳጅ ውኃም አቧራም ይዞ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም ነጭ ጋዝ ተደባልቆበት። የኖዝል መርፌና ቤቷ በጣም ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው፤ ውኃ ሲገባ ይዝጋሉ፣ አቧራ ሲገባ ይፋቃሉ። ስለዚህ አዲስ ኖዝል ገጥሞ ያንኑ ጀሪካን የሚቀዳ ሰው ለሱማሌ ተራ ወርኃዊ መዋጮ ገብቷል።

የናፍጣውም ምርመራ ከባድ አይደለም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ ኖዝሉ የሚገባውን የቧንቧ ዳዶ ተራ በተራ ትንሽ ማላላት፤ ድምፁ ከወረደ ያ ኖዝል ሥራ ላይ ነበር፤ ካልተለወጠ ሥራ ፈትቷል። የተጠረጠረው ወደ እጅ ፓምፕ መሞከሪያ ይወሰዳል፤ የድሮ ሞተር ኖዝል እንኳ የሚከፍተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። "እንዴት እንደሚረጭ ተመልከት" ብሎ መዳፉን ከኖዝሉ ፊት የሚዘረጋ ጀግና አይጠፋም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ናት፣ መጀመሪያም ብዙ አያምም፤ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ጀግናው ግን ሁለት ሳንቲም ለማዳን ሲል ከሥር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ አሮጌዋን መልሶ ይገጥማታል። መዳፉን የማይሰስት ሰው ሮንዴላ ሲሰስት ማየት ነው።

ይህ ድራማ በቅርቡ የሚያልቅ እንዳይመስለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ያለው አሮጌ ቤንዚንና ናፍጣ በል አይጣልም። እዚህ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል። ባለቤቱ ይህን ሲያወራ ደረቱን ነፍቶ ነው፤ ንብረቱን ግማሽ ቀን ለሚመረምርለት ሰው ክፈል ሲባል ግን ኪሱ ይቀደዳል። ቢያንስ የኤሌክትሪኩ መኪና ከዚህ ይገላግለናል የሚል ካለ ተስፋውን አልነካበትም። የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈኑ ሲከፈት "ኢንጀክተሩ ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ ግን ካሁኑ እመሰክራለሁ።

መካኒኮቹን ማማት ቀላል ነው፤ ጥፋቱ የነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ። ያው ጋሼ ሆዳቸውን ሲያማቸው ክሊኒክ ሄደው የደም ምርመራ ይከፍላሉ፣ የአልትራሳውንድ ይከፍላሉ፤ ሐኪሙ "ምንም የለብዎትም" ሲላቸው እግዜርን አመስግነው ይወጣሉ። "ምንም ካልነበረብኝ ገንዘቤን መልስ" አይሉም። ጋራዥ ሲገቡ ግን "ኢንጀክተሩ ደህና ነው፣ የላላ ሶኬት አጥብቄያለሁ" የሚል መካኒክ እንደ ዘራፊ ይታያል። ሶኬት ለማጥበቅ አንድ ደቂቃ ነው የሚበቃው፤ የትኛው ሶኬት እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀንና የአሥር ዓመት ልምድ ፈጅቷል። ጋሼ የሚከፍሉት ለአንዷ ደቂቃ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚታይ አሮጌ ዕቃ ከተሰጣቸው ግን የሦስት እጥፉን ሳይከራከሩ ይቆጥራሉ።

ስለዚህ ነገሩ የገበያ ነው። ደንበኛ ዕውቀትን በነፃ፣ ዕቃን በውድ ከፈለገ፣ ጋራዡ ዕውቀቱን ደብቆ ዕቃ ይሸጥለታል። ደረሰኙ ላይ "ምርመራ" የሚል መስመር ተጽፎ፣ ከሥሩ "የተቀየረ ዕቃ፦ የለም" ተብሎ፣ ባለመኪናው ያንን አንብቦ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ የሚከፍልበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ጥፋተኛው ኢንጀክተር ነው። አራቱም።